ዘፋኙ ሲሞት ፊልሙ ቀረ

በማኅበራችን የኪነት ምሽት ላይ ኦርኬስትራ ከሌለ ምሽቱ ምሽት አይደለም የሚሉ ተማሪዎች እንዳሉ እናውቃለን። እኛ ግን አንድ ሰው ብቻውን ጊታር ይዞ የተቀመጠበትን አንድ ፊልም አይታችሁ እንድትፈርዱ እንለምናችኋለን። ፊልሙ ሐምሌ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ ፓናሜሪካና በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የተቀዳ ነው። ዘፋኙም የቺሌው ተወላጅ ቪክቶር ኻራ ነው።

ስለ ፊልሙ አሠራር ብዙ የሚባል የለም፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጌጥም የለው። ሰውዬው ግን ዘፈኑ ስለ ማን እንደ ተገጠመ ረጋ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያም ይዘፍናል። ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ፍቅር በገጠመው ዘፈን ውስጥ ለሁለቱ ወጣቶች ያወጣላቸው ስም የእናቱና የአባቱ ስም፣ አማንዳና ማኑኤል ነው። እናቱ አማንዳ በሠርግም በለቅሶም እየተጠራች ታዜም ነበር። የአገራችንን አልቃሽ የሰማ ሁሉ ይህ ልጅ ግጥም ከየት እንደ ተማረ አይጠፋበትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የቴአትር አዘጋጅ ሆኖ ሳለ እንኳ የእናቱን ዜማ አልናቀም። (የተማረ ሰው ክራር ሲይዝ ነውር የሚመስለው በመካከላችን መኖሩን ሳናነሣ አናልፍም።)

ፊልሙ ከተቀዳ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር እንቁጣጣሽ በሚባልበት ቀን፣ የቺሌ ወታደሮች የአየንዴን መንግሥት ገለበጡ። ኻራ ይሠራበት የነበረው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በወታደር ተከብቦ አደረ። በማግሥቱ ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ተይዞ ወደ ቺሌ ስታዲየም ተወሰደ፤ ተደበደበ፤ በዚያው ሳምንት በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 40 ነበር። በዚህ ግድያ የተከሰሱ ሰባት የቀድሞ ወታደሮች የመጨረሻውን ፍርድ ያገኙት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። አስቡት እንግዲህ፤ 50 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው!

ገዳዮቹ ሰውዬውን ገድለው ብቻ አልተዉም። ዘፈኖቹን ከለከሉ፤ የተቀዱባቸውን ቴፖችም ያገኙትን ያህል አጠፉ። ባለቤቱ ጆን የቻለችውን ያህል ይዛ ከአገር ወጣች። በሊማ የነበረው ፊልም ግን እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ነበር። ዛሬ ኻራ ትንፋሹን ሲስብ፣ ጣቶቹ ከክር ክር ሲሄዱ የምናየው፣ የጎረቤት አገር ጣቢያ ለአንድ እንግዳ ዘፋኝ ካሜራውን ስላቆመለት ነው።

እኛስ? በየምሽቱ ስልኩን የሚያነሣ ሞልቷል፤ የሚቀዳው ግን ግማሽ ዘፈንና የጓደኛውን ሣቅ ነው። ማሲንቆ የያዘ ተማሪ ራሱ የገጠመውን፣ ስለ ምን እንደ ገጠመው ከሚናገረው ጭምር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቀዳለት የለም። ማኅበሩ ለሚቀጥለው ምሽት ሁለት ካሜራና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ያዘጋጅ። ቅጂውም በማኅበሩ ቢሮ ብቻ ተቆልፎበት አይቀመጥ፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ከግቢ ውጭ ይኑር።

የኪነት ክፍሉ የሊማውን ፊልም ከዚያ በፊት ቢያሳየን ደስ ይለናል። ኦርኬስትራ ወዳዶቹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የፊቱን ወንበር ይያዙልን።