ጀላቲ ቶንሲል አያመጣም

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የማትስማሙበትን ነገር ልጽፍ ነው።

«ዶክተር፣ ልጄ ቶንሲል ስላለበት ቀዝቃዛ ነገር አላስነካውም» የሚለውን ንግግር በየቀኑ እሰማለሁ ማለት ይቻላል። አሰላ ውስጥ ደግሞ ይህ ፍርሃት ይበረታል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ጭላሎ አለ፤ ማታ ያለ ጋቢ ወይም ያለ ጃኬት ደጅ መውጣት ይከብዳል። እዚህ ሆኖ ለልጅ በረዶ መስጠት እብደት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ጤነኛ ልጅ በቤት የተሠራ የፍራፍሬ ጀላቲ ቢበላ ምንም አይሆንም። የሚያስፈራውን ትተን የማያስፈራውን ፈርተናል።

ቶንሲልን የሚያሳምመው ጀርም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ። ሁለቱም ከታመመ ሰው በምራቅ፣ በሳልና በእጅ ይተላለፋሉ። በብርድ ወቅት ሕመሙ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ነው። «ጀላቲ በበላ በማግስቱ እኮ ነው ያተኮሰው» ትሉኝ ይሆናል። ስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ከ2 እስከ 5 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ልጁ ጀላቲውን ሲበላ ጀርሙ ቀድሞ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በር ላይ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ፦ አንዱን ጀላቲ ሦስት ልጆች እየተቀባበሉ ይልሱታል። ያኔ ጥፋቱ የምራቁ ነው፤ በረዶው ምን አደረገ? አስም ያለባቸው አንዳንድ ልጆችን ቀዝቃዛ ነገር ሊያስላቸው ይችላል፤ እነሱን እናንተ ታውቋቸዋላችሁና ተጠንቀቁላቸው።

ይህን ያህል የምከራከረው ለጀላቲ ብቻ ብዬ አይደለም። ብርድን ጥፋተኛ ያደረገ ወላጅ፣ ልጁ ሲታመም ሸፋፍኖ ትኩስ ነገር እያጠጣ ይጠብቃል። ሲብስበት እንጥል ወደሚቆርጡ ሰዎች የሚወስድም አለ። እንጥል ማስቆረጥ ሕመሙን አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያስከትላል። በዚህ መሃል ቀን ያልፋል፤ የሚጎዳውም የልጁ ልብ ሊሆን ይችላል። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሩማቲክ ትኩሳት ያስነሳል። መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ የልብ በሮችን (ቫልቮችን) ያበላሻል። ይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። የልቡ በር ክፉኛ የተበላሸ ልጅ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ለልብ ሕክምና የተመላለሰ ወላጅ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ሊያስቀር የሚችለው ጉሮሮው መታመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የሚጀመር ፔኒሲሊን ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ድንገት ትኩሳት ከያዘው፣ ሲውጥ ካመመው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ አንገቱ ላይ ሲነካ የሚያም ንፍፊት ካበጠ፣ ሳልና ንፍጥ ደግሞ ከሌለው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ለመተንፈስ ከተቸገረ ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

እንዲያውም ጉሮሮው ታሞ «አልበላም» ላለ ልጅ ቀዝቃዛ ጀላቲ ሕመሙን ለጥቂት ደቂቃ ያደነዝዝለታል፤ ትንሽ ፈሳሽም ይገባለታል። ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ልጆችም ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር እንሰጣለን።

ታዲያ የትኛውን ጀላቲ? በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠውን ቀይና ብርቱካናማ በረዶ እያልኩ አይደለም። ሻጮቹን መውቀሴም አይደለም፤ ከዚያች ሳንቲም ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ውሃው ከየት እንደተቀዳ እናንተም እኔም አናይም፤ ውስጡም ቀለምና ስኳር እንጂ ፍሬ የለበትም። «በረዶ ሲሆን ጀርሙ ይሞታል» የሚሉ አሉ፤ አይሞትም። ቅዝቃዜ አብዛኛውን ጀርም ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። የታይፎይድ ባክቴሪያና ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ በረዶ ውስጥ ቆይተው አፍ ሲገቡ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ውሃ የሚያነጻው እሳት ነው። እዚህ ላይ የደጋ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርም ለመግደል ይበቃል፤ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። አረፋ ባየ ቁጥር ከምድጃ የሚያወርድ ሰው ብዙ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፈረንጆች «ሶርቤ» ይሉታል፤ ወተት የሌለበት የፍራፍሬ አይስክሬም ማለት ነው። ሁለት የበሰለ ማንጎና አንድ ሙዝ ያዙ። ማንጎውን ከመላጣችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ቢላዋው የላጩን ቆሻሻ ወደ ሥጋው እንዳያስገባ። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር አሟሙና አቀዝቅዙ። ፍሬውን፣ ውሃውንና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ በጁስ መፍጫ ፍጩት። መፍጫ ከሌላችሁ የበሰለውን በሹካ ማድቀቅ ይበቃል፤ ማንጎው ጭረት ካለው በወንፊት አጥልሉት። ሰፋ ባለ ዝርግ ዕቃ ገልብጡና ክዳን አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር በሹካ እየፋቃችሁ ወደ መሃል አማስሉት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ይህን ካልዘለላችሁ ለስላሳ ይሆናል፤ ከዘለላችሁ ድንጋይ ነው። ስኳሩ ጣፋጭ ከማድረግ ሌላ ቶሎ እንዳይደርቅም ያግዛል፤ ሙዙም እንደዚያው፤ ስለዚህ ሙዝ ስትጨምሩ ስኳሩን መቀነስ ትችላላችሁ። በማንጎ ፋንታ ፓፓያ ወይም የበሰለ ኮክ ይሆናል።

ይህ ለአምስት ስድስት ልጅ ይበቃል። ስኳሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ለስድስት ልጅ ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል፤ ያንን ግን ለእንግዳ ልጅ ሁሉ ያለ ጭንቀት እንከፍታለን። ጀላቲ የሚከለክል ቤት ለስላሳ ሲያጠጣ ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይገርመኛል። ወተትና ቅቤ ስለሌለበት ለፆም ወራትም ይሆናል፤ ለኢፍጣርም አንድ ብርጭቆ ያስደስታል።

በስኳር ምትክ ማር ማድረግ ትችላላችሁ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጭራሽ አይሰጥም። ስድስት ወር ላልሞላው ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ጀላቲ አያክመውም፤ እሱ ኦ አር ኤስና ዚንክ ነው የሚፈልገው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ የሚጨመረውን ስኳር ተዉና በትንሽ ስኒ ብቻ ቅመሱ፤ ፍሬው ራሱ ስኳር አለው። የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ ፖታሺየም እንድትቀንሱ የተነገራችሁ ሙዝ ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

መብራት ሄዶ ጀላቲው ቢቀልጥ እንደገና አታርጉት። ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ወዲያው እንደ ጁስ ይጠጣ፤ ሞቆ ለሰዓታት ከቆየ ግን ይደፋ።