በቡናው አገር ትምህርት ቤቶች ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ውጤቱ በተነገረ ቁጥር በየቡና ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የእገሌ ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁን በአደራ የሰጠ ወላጅ ስለ አደራው መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነውና። ነገር ግን በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በማሻና በቦንጋ፣ በጠቅላላውም በዚህ በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ለምንኖር ሰዎች፣ የጥያቄው መልስ አንዲት ቁጥር ብቻ ሆና ስትቀር፣ ያች ቁጥር ከእውነት ይልቅ ወደ ሐሰት ምስክርነት የምታደላ መሆኗን፣ ከዚህም የተነሣ አንዱ ሳይገባው ሲመሰገን ሌላው ሳይገባው የሚነቀፍ መሆኑን ለማስረዳት እወዳለሁ።

አስቀድመን የአገሩን ጠቅላላ አኃዝ እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። ከ3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ትምህርት ሚኒስቴር በገለጠ ጊዜ ሕዝቡ ደነገጠ፤ መደንገጡም የሚገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለፉት ቁጥር በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ሆኖም አንድም አላሳለፈም የሚለው ነገር ለትንሹም ለትልቁም ትምህርት ቤት እኩል ክስ ሊሆን አይችልም። የ2015ቱ ተፈታኝ ሁሉ፣ የትም ይማር የት፣ ከመቶ 3.2 የሆነ እኩል የማለፍ ዕድል ነበረው ብለን ብናስብ፣ ሃያ ተማሪዎች ብቻ ያስፈተነ ትምህርት ቤት፣ መምህራኑ ከማንም የማያንሱ ሆነው ሳለ፣ በአጋጣሚ ብቻ ባዶውን የመቅረቱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ መቶ ተማሪዎች ያስፈተነው ግን እንዲህ የሚሆነው ከመቶ አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ መቶዎችን ያስፈተነውማ በአጋጣሚ ሊያመካኝ ከቶ አይችልም። እንግዲህ በሱርማ ወይም በጉራፈርዳ ቆላ ጥቂት ልጆችን ያስፈተነ ትምህርት ቤትና፣ በከተማ መካከል ብዙ ተማሪ አስፈትኖ ባዶ እጁን የወጣ ትምህርት ቤት በአንድ መዝገብ ተጽፈው በአንድ ስም ሲነቀፉ፣ የፊተኛው ምናልባት በደል የሌለበት፣ የኋለኛው ግን ብርቱ ምርመራ የሚገባው መሆኑ ከዐይናችን ይሰወራል።

ከቁጥሩ ማነስና መብዛት የሚከብደው ግን በየወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ማን ነው የሚለው ነገር ነው። በአገራችን የትምህርቱ ዘመን በመስከረም ይከፈታል፤ በዚህ በእኛ በኩል ቡናው የሚቀላውም በዚያው ሰሞን ነው። በበበቃና በቴፒ ባሉት ሰፋፊ እርሻዎች፣ እንዲሁም በየገበሬው ጓሮና በየጫካው ጥግ፣ የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ያበሰለው ፍሬ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይለቀማል። ቀይ እሸት ቡና የሚለቀመው በእጅ፣ ፍሬ በፍሬ እየተመረጠ ነው፤ የቅጥር ለቃሚ ዋጋውን የሚያገኘው በኪሎ ሲሆን፣ የራሱ ማሳ ያለውም ፍሬው ሳይረግፍ መሰብሰብ ስላለበት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ እጆች ሁሉ፣ የልጆቹም ጭምር፣ ይፈለጋሉ። በዚህ ምክንያት የአንድን የገጠር ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ ገልጦ የሚመለከት ሰው፣ የመስከረሙ ገጽ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆኖ፣ የጥቅምቱና የኅዳሩ ገጽ ግን በቀሪ ምልክት ተሞልቶ ያገኘዋል። ምልክቶቹም እዚህም እዚያም የተበተኑ ሳይሆኑ፣ በአንድ ተማሪ ስም ትይዩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይቋረጡ የተሰለፉ ናቸው፤ ከዚያ ልጁ ይመለሳል፣ ነገር ግን መምህሩ ክፍልፋይን ጨርሶ ሌላ ምዕራፍ ከጀመረ ሰንብቷል። በአንዳንዱ ስም ላይ ደግሞ ከጥር ወዲህ ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ አቋርጧል የሚል ቃል ብቻ በቀይ ቀለም ተጽፎ ይታያል።

በከተማ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ቢሆን ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመንግሥት ሠራተኛውና የነጋዴው ልጅ ከእናቱ ቤት በልቶ ይመጣል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ግን ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ የሳምንት ስንቁን፣ ጎደሬውንና የበቆሎ ቂጣውን፣ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ተሸክሞ እየተመለሰ፣ ራሱ አብስሎ ራሱ አጥቦ ይማራል። የቤንችኛ፣ የሸክኛ፣ የሸኮኛ ወይም የሜኤንኛ ተናጋሪ ልጅ በቤቱ አንድ ቋንቋ፣ በገበያ ሌላ ቋንቋ ተናግሮ፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይወስዳል። እነዚህን ልጆች ተቀብሎ ከአሥሩ አንዱን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃ ትምህርት ቤት፣ በመግቢያ ፈተና የተመረጡ ልጆችን ብቻ ተቀብሎ ሁሉን ካሳለፈ አዳሪ ትምህርት ቤት ያነሠ ሥራ ሠርቷል ብሎ ለመፍረድ የሚደፍር ማን ነው?

ታዲያ ድኽነትን በሒሳቡ ውስጥ እናግባው የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል፤ ይህም ሐሳብ ታላቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ጄምስ ኮልማን የተባለው ሊቅ ከ600,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን መርምሮ ባወጣው ዘገባ፣ በተማሪዎች ውጤት መካከል ላለው ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ዕቃና ገንዘብ ይልቅ የቤተ ሰቡ ሁኔታ የበለጠ ድርሻ እንዳለው አሳየ፤ ይህን የሰሙ ብዙዎች እንግዲያስ ትምህርት ቤት ምንም አያደርግም ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ሄዱ። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የየትምህርት ቤቱን ውጤት በሠንጠረዥ እያወጡ ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ፣ የደረሰውን ማዛባት አይተው በ2006 የቤተ ሰብን ሁኔታ የሚያስገባ መለኪያ ሠሩ፤ ነገር ግን ይህ መለኪያ ከድኻ ልጅ ብዙ እንዳይጠበቅ ያደርጋል በማለት መንግሥታቸው በ2010 ሊተወው ወሰነ፤ ከ2016 ጀምሮም ልጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ከነበረበት ውጤት ተነሥቶ ምን ያህል እንደ ተራመደ የሚለካ ሥርዓት ያዙ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፤ ትምህርት ቤቱን የምንፈርድበት ልጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ባሳየው እድገት ይሁን፤ የቤተ ሰቡን ኑሮ፣ የመንገዱን ርቀትና የቡናውን ወራት የሚያሳየው መረጃ ደግሞ ለፍርድ ሳይሆን ለርዳታ ማከፋፈያ ይዋል። ሁለቱ የተቀላቀሉ እንደ ሆነ፣ የድኻው ልጅ ዝቅ ያለ ውጤት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ መምህሩም ርእሰ መምህሩም በዚያ ሰበብ ዐርፈው ይተኛሉ፤ ይህ ደግሞ በልጁ ላይ የሚሠራ ሁለተኛ ግፍ ነው።

እድገትን መለካት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት የኔታ ተማሪውን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ትናንት ከነበረበት ጋር ያስተያዩታል፤ ፊደል ለቈጠረው ንባብን፣ ንባብ ለጨረሰው ዳዊትን ይሰጡታል፤ ዘግይቶ የመጣውም ቀድሞ የመጣውም እንደየደረጃው ከእርሳቸው እግር ሥር ይቀመጣል። በዘመናዊውም መንገድ ቢሆን፣ ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በ2005 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተማሪዎችን በዓመቱ መጀመሪያና በዓመቱ መጨረሻ በመፈተን የአንድ ዓመት የዕውቀታቸውን እድገት መጠን በአገራችን ለክቷል። ለክልላችንም መነሻ የሚሆን ነገር አለ፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በእጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ትምህርት ቢሮ፣ አንድ ተማሪ በ8ኛ ክፍል ያመጣውን ከአራት ዓመት በኋላ በ12ኛ ክፍል ካመጣው ጋር አያይዞ፣ በአንድ ዓይነት ውጤት ገብተው በተለያየ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች የት እንደ ደረሱ ቢያሳየን፣ የቴፒውና የሚዛኑ፣ የማጂውና የሸኮው ትምህርት ቤት ሥራ በግልጥ ይታያል። በእርግጥ በ8ኛው ፈተና ላይ ኩረጃ ካለ የገባው ልጅ ከዕውቀቱ በላይ ተቈጥሮ ተቀባዩ ትምህርት ቤት በሌላው ኃጢአት ይፈረድበታል፤ ስለዚህ የታችኛው ፈተና ጥበቃ ከላይኛው የማያንስ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የሚያስፈልገው ነገር በ9ኛ ክፍል የተመዘገቡት ሁሉ ቁጥር ነው። ከተፈታኞች ስንት ከመቶ አለፈ ብሎ ብቻ መጠየቅ፣ ደካማውን ተማሪ ከ12ኛ በፊት በዝምታ የሚያሰናብተውን ትምህርት ቤት ይሸልማል፤ ለቡና ለቀማ ወጥቶ ያልተመለሰውም ልጅ በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይገባም። መቶ ልጆች ተቀብሎ አርባውን አስፈትኖ ስምንት ያሳለፈና፣ መቶ ተቀብሎ ዘጠና አስፈትኖ አሥራ ሁለት ያሳለፈ ቢኖሩ፣ በዛሬው ሒሳብ የፊተኛው ከመቶ ሃያ አሳልፎ የበለጠ ይባላል፤ በእኔ ኅሊና ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

ስለ ሕዝቡ ብዛት የሚነገረውን መረጃም በጥርጣሬ ማየት ይገባል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዞኖችና ክልሎች ተከፋፍለዋል፣ ሰፋሪና የቡና ሠራተኛ መጥቷል ሄዷልም፣ የጸጥታው መደፍረስም ሰው አፈናቅሏል። በዚያ አሮጌ መዝገብ ላይ በግምት የቆመውን የተሳትፎ መቶኛ ይዞ ወረዳን ከወረዳ ከማወዳደር ይልቅ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ በመስከረም የሚመዘግበው የወላጅ ሥራ፣ የመኖሪያ ቀበሌና የመንገድ ርዝመት ይሻላል። የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽንም አለ፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ከመቶ እየሰጠ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል፤ ነገር ግን ሕንፃና ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት በዚህ መለኪያ ወደ ታች የሚወርደው በመምህራኑ ስንፍና ሳይሆን በበጀት ማነስ በመሆኑ፣ ሦስቱ ነጥቦች ሳይደመሩ ለየብቻቸው ቢታወጁ እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል የሚሉኝ አሉ። ሥራው አድካሚ ነው እንጂ ረቂቅ አይደለም። በሚዛንና በቴፒ ሁለት ግቢ ያለው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች አሉት፤ ቢሮው የ8ኛና የ12ኛ ክፍል መዝገቦችን የተማሪውን ስም በመለያ ቁጥር ተክቶ ቢሰጣቸው፣ ለአንድ ዞን የሚሆነውን የመጀመሪያ ሠንጠረዥ በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ማውጣት ይችላሉ። ቤንች ሸኮ ዞን ይጀምረው፤ ከተማም፣ ሰፊ የቡና እርሻም፣ ሩቅ የገጠር ቀበሌም በውስጡ አለና። ሠንጠረዡም ሲወጣ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስም አጠገብ የተፈታኞቹ ብዛት፣ በ9ኛ ክፍል የተቀበላቸው ብዛት፣ ከመነሻቸው የተራመዱት መጠን፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር የቀሩት ቀናት ይጻፉ፤ ይህ የመጨረሻው ዓምድ ትልቅ ሆኖ በተገኘበት ወረዳም ቢሮው የትምህርቱን ወራት ከለቀማው ጋር ስለማስማማትና የምሳ ምገባውን በዚያ ወቅት ስለማጠናከር ከወላጆቹ ጋር ይምከር።