ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል
በግቢያችን የመኪና ማቆሚያ ስለሚደረገው የ«ድሪፍት» ጨዋታ



ክረምት ከገባ ወዲህ ከሕንፃዎቻችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ የሚደረገው ነገር ከማናችሁም የተሰወረ አይደለም። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ጥቂት ወጣቶች የቤተሰባቸውን መኪና እያወጡ በእርጥቡ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታሉ፤ ያሾራሉ፤ ሞተር ያስጮኻሉ። ስሙንም «ድሪፍት» ይሉታል። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ በቃል ተናገረ፤ የሰማ የለም። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ አድርገን በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናወጣው ግድ ሆኖብናል።

ይኸን ስንል ዝም ብለን ልንቆጣ አይደለም። ወጣቶቹ ክርክር አላቸው፤ እኛም ሰምተናቸዋል። አንደኛ፣ መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ጎማም አይበላ፣ መኪናም አይጎዳ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ሳይሆን ልምምድ ነው፣ መኪና ቢንሸራተትብን መቆጣጠር እንማርበታለን ይላሉ። ሦስተኛ፣ ኮሚቴው መኪና ስለሌለው ቀንቶ ነው ይላሉ። ሦስቱንም በየተራ እንመልሳለን።

እውነት የሆነውን እውነት ነው እንበል። እርጥብ መሬት ላይ የሚንሸራተት ጎማ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ከሚንሸራተተው ያነሰ ይበላል። ውኃው ጎማው መሬቱን አጥብቆ እንዳይዝ ስለሚያደርግ ፍትጊያውም ሙቀቱም ይቀንሳል። አንድ ቀን በባዶ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ጎማው ሸተት ስላለ ብቻ መኪና አይፈርስም። የጠየቅናቸው የሰፈራችን መካኒኮችም ይኸን አልካዱም። ነገሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይኸን ወረቀት ባልለጠፍን ነበር።

ግን መኪና ማለት ጎማ ብቻ ነው እንዴ?

በግቢያችን የሚበዙት ቪትዝን የመሳሰሉ በፊት ጎማቸው የሚጎትቱ መኪኖች ናቸው። እነዚህን ለማንሸራተት ወጣቶቹ የሚያደርጉት የእጅ ፍሬኑን በድንገት መሳብ ነው። የእጅ ፍሬን የተሠራው የቆመን መኪና እንዲይዝ እንጂ የሚሮጥን መኪና ጅራት እንዲያዞር አይደለም። በየምሽቱ ሃያ ጊዜ ሲሳብ ካቦው ይለጠጣል፤ ሸራውም ያልቃል። ጉዳቱ የዚያኑ ምሽት አይታይም። የሚታየው አባት ጠዋት ተነሥቶ ዳገት ላይ አቁሞት ወርዶ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ፣ መኪናው ብቻውን ቁልቁል ሲንደረደር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለቷ ብዙ መሆኑን ለማንም አንነግርም።

እንደ ዲኤክስ ኮሮላ ያሉት፣ በኋላ ጎማ የሚገፉት፣ ሌላ በሽታ አለባቸው። ነጂው ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን ባንድ ጊዜ ሲለቀው ጎማው ውኃው ላይ በባዶው ይሽከረከራል። እስከዚህ ድረስ ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም ብዙ ሸክም የለም፤ ወጣቶቹን የሚያሞኛቸውም ይኸው ነው። የግቢያችን መሬት ግን ወጥ አይደለም። አንዱ ድንጋይ እርጥብ ነው፤ ቀጥሎ ያለው በረንዳ ከልሎት ደረቅ ነው፤ ከዚያ የብረት ክዳን አለ፤ ከዚያ አሸዋ። በኃይል የሚሽከረከረው ጎማ ድንገት ደረቁን ሲነክስ፣ ያ ሁሉ ኃይል ባንድ ቅጽበት ተመልሶ በዘንጉ፣ በዲፈረንሻሉ ጥርስ፣ በፍሪሲዮኑ ላይ ያርፋል። እንግዲህ መኪና የሚሰብረው መንሸራተቱ አይደለም፤ ከተንሸራተቱ በኋላ መያዙ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አውቶማቲክ የሆኑትም አይድኑም። መኪናው ገና ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ ማርሹን ወደ ፊት መወርወር ካምቢዮውን ከውስጥ መቀጥቀጥ ማለት ነው። በምሽት ብርድ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ፣ ከቤት እንደወጡ ሞተሩን እስከ መጨረሻ ማስጮኽም ያው ነው። የሞተር ዘይቱ ጎደል ያለ ከሆነ ደግሞ፣ መኪናው ወደ ጎን ሲሾር ዘይቱ ወዳንድ ወገን ይሸሽና መምጠጫው አየር ይስባል፤ ሞተርም ያለ ዘይት ይሠራል።

ከሁሉ የባሰው ግን ጠርዙ ነው። መኪና ጎማውን አቅንቶ ጉድጓድ ቢገባ ጉዳቱ አንድ ነገር ነው፤ በጎኑ ተንሸራቶ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ቢመታ ሌላ ነገር ነው። የጎን ምት ቸርኬ ያጣምማል፤ ኩሽኔታ ይጎዳል፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ ያጎብጣል። ከዚያ በኋላ መኪናው መሪው ወዳንድ ወገን ይስባል፤ ጎማውም ባንድ ጎኑ ይበላል። አያችሁ? በውኃው ተረፈ የተባለው ጎማ በወሩ በደረቁ መንገድ አለቀ ማለት ነው። በቅርብ ጊዜ ወደ ግቢያችን የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪያቸው ከወለላቸው ሥር የተዘረጋ ነውና ጠርዝ ላይ መውጣት ለእነርሱ ቀልድ አይደለም።

ይኸ ሁሉ ሲሆን ከፋዩ ማን ነው? ልጁ አይደለም። ዱሮ የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል ነበር፤ በእኛ ግቢ ተገልብጦ የልጅ ዕዳ ለአባት ሆኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ፊቱን አይታችሁታል። ያን ቪትዝ ቤተሰቡ በስንት ዓመት ዕቁብና ብድር እንደገዛው እኛ ጎረቤቶች እናውቃለን። አንዳንዱም የሚያድረው በእርሱ ነው፤ ቀን በታክሲ አገልግሎት ሠርቶ የሚገባው መኪና ማታ የልጅ መጫወቻ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ለሁለተኛው ክርክር፣ ለ«ልምምድ» የሚባለው፣ መልሳችን አጭር ነው። መኪና ሲንሸራተት መቆጣጠርን መማር ጥሩ ነገር ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ትምህርት አስተማሪ አለው፤ ሰውና ግንብ የሌለበት፣ የታጠረ ሰፊ ቦታ አለው። ደግሞስ በራስ እጅ ፍሬን ስቦ ማንሸራተትና መንገድ ላይ ሳያስቡት መንሸራተት አንድ ነው ወይ? አንዱን አስቀድሞ ያውቁታል፤ ሌላው ሳይነግር ይመጣል። በእርጥብ መንገድ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ማለት፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ መቀየር ነው። ይኸን ሲለማመድ ያየነው አንድም የለም!

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። አዎን፣ ከኮሚቴው አባላት አብዛኞቻችን መኪና የለንም። ልጆች ግን አሉን። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ሌላ መጫወቻ የላቸውም፤ ዝናቡ ሲያባራ ኳሳቸውን ይዘው የሚወጡት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋም ማን ከማን ኋላ እንዳለ አይታይም። አሮጊቶቻችን ለማታ ጸሎት ሲወጡና ሲገቡ የሚያቋርጡት በዚያው ነው። እስካሁን ሰው አልተነካም የሚለውን እንደ መከራከሪያ የሚያቀርቡ አሉ። እንዴ! ሰው እስኪነካ ነው እንዴ የምንጠብቀው? ባለፈው ሳምንት ተንሸራቶ የውኃ ሮቶውን ማስቀመጫ የገጨው መኪና ሁለት ሜትር ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ ያገኝ የነበረው የጥበቃውን ጎጆ ነበር። ጥበቃውም ውስጥ ነበሩ።

ወላጆች ሆይ፣ «ልጅ ነው፣ ይጫወት» የምትሉ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሚለው ግልጽ ነው፤ ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ያስረዳ እንደሆነ ነው። እንግዲህ አባት ቆሞ ልጄ ሌባ ነው ካላለ በቀር መውጫ የለውም። የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ የሚልም ቢኖር፣ ያ መድን የተገባው ለሌላው ሰው ነው፤ የራሱን ቸርኬና ካምቢዮ አይጠግንለትም።

ስለ ሜዳውም አንርሳ። ያ ኮብልስቶን ከየቤቱ ባዋጣነው ገንዘብ የተነጠፈ ነው። ድንጋዮቹ የቆሙት በመካከላቸው ባለው አሸዋ ነው። የሚሽከረከር ጎማ አሸዋውን ይፍቀዋል፤ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ድንጋዩ ይነቀላል፤ ጉድጓዱም ውኃ ይሞላና ለሁላችንም ወጥመድ ይሆናል። አሁን ከመግቢያው አጠገብ የተነቀሉትን ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ስለዚህ የሚከተለውን አበክረን እናሳስባለን።

1ኛ/ ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ መኪና ማንሸራተትና ማሾር እንዲቆም፤

2ኛ/ ወላጆች ማታ የመኪና ቁልፍ የት እንዳደረ እንዲያውቁ፤

3ኛ/ ጥበቃዎች ይኸን ሲያደርግ ያዩትን መኪና የሰሌዳ ቁጥር መዝግበው ለጽሕፈት ቤቱ እንዲሰጡ፤

4ኛ/ የተነቀለውን ድንጋይ የነቀሉት ወጣቶች፣ እኛም አብረን ወጥተን፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በአንድነት እንድናስተካክል፤ አካፋና አሸዋ ማኅበሩ ያቀርባል፤

5ኛ/ በሜዳው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውይይት እንዲቀርብ። ወጣቶቹም መጥተው የሚሉትን ይበሉ፤ እንሰማቸዋለን።

ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ናችሁ፤ ጠላቶቻችን አይደላችሁም። የሠርግም የለቅሶም ድንኳን የምትተክሉልን፣ መብራት ሲጠፋ የአሮጊቶችን ውኃ ደረጃ ለደረጃ የምታወጡልን እናንተው ናችሁ። ይኸን ጉልበት ለእጅ ፍሬን መጎተቻ አታድርጉት። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ይብቃ።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ጸሐፊ