ማጠጣት ብቻውን መንከባከብ አይደለም

በአገራችን አበባ ሲነሣ ሁሉም አስቀድሞ የሚያስበው ቢጫውን ዐደይ አበባ ነው። ሰማያዊ አበባ ግን ከተልባ ማሳ በቀር ብዙ ልብ አንልም። ሆኖም በየጓሯችንና በማድ ቤት ደጃፍ፥ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ አንድ ቍጥቋጦ አለ። ይኸውም የጥብስ ቅጠል፥ በሌላ ስሙ የሥጋ መጥበሻ የምንለው፥ ፈረንጆች ሮዝመሪ የሚሉት ነው። ቅጠሉን ሁላችንም እንቀነጥሳለን እንጂ፥ ትንንሾቹን ሰማያዊ አበቦች ከንብ በቀር የሚጐበኛቸው ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚህ ተክል አያያዝ ሐሳቤን የምገልጸው አንዱን በገዛ እጄ ስለ ገደልሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በበጋ እናቴ እኅቷን ለማስታመም ወደ ቡሬ ሄዳ ሁለት ወር ያህል ቈየች። ስትሄድም «ልጄ፥ የጥብስ ቅጠሌን ዐደራ» ብላኝ ነበር። ብዙ ዓመት ያሳደገችው፥ ጎረቤት ሁሉ የሚቀነጥሰው ቍጥቋጦ ነበር። እኔም ዐደራዬን ለመጠበቅ ብዬ ዙሪያውን እንደ ጌሾ ጐድጓዳ አድርጌ ቈፈርሁና ጧትና ማታ በባልዲ አጠጣሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ጠምቶት ይሆናል ብዬ ውኃ ጨመርሁ። ጫፉ ደረቀ፤ አሁንም ጨመርሁ። እናቴ ስትመለስ ነቅላ ሥሩን አየችው፤ ጠቍሮ፥ በስብሶ፥ ይሸታል። የተናገረችኝም ይህን ብቻ ነው፤ «አጠጥተህ ገደልኸው።»

ከዚያ ወዲህ የተክሉን ጠባይ ለማወቅ አነበብሁ፥ ዐዋቂዎችንም ጠየቅሁ። የትውልድ አገሩ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ያለው ደረቅና ድንጋያማ ተረተር ነው። ስሙም በላቲን «የባሕር ጤዛ» እንደ ማለት ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነውና የታችኛው ገጹ በነጭ ጠጕር የተሸፈነው ውኃን ቈጥቦ ለመያዝ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከዓባይ ምንጭ አጠገብ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነው ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኝና ግብጽን አቋርጦ እዚያው ሜዲትራኒያን ይፈሳል። የምንጭ ልጆች ስለ ሆንን ለተክል ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ ውኃ ይመስለናል። የባሕር ዳሩ እንግዳ ግን ከውኃችን ይልቅ ፀሓያችንን ይፈልጋል።

እንግዲህ አያያዙ ይህ ነው። ዘሩ ለመብቀል ስለሚያስቸግር ቀንበጡን ቈርጦ መትከል ይሻላል። አበባ ካልያዘና ገና ካልጠነከረ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቈረጣል፤ የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ይመለመላል፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተተክሎ በጥላ ይቀመጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይሰድዳል። ከዚያ በኋላ ፀሓይ ወዳለበት ከፍ ያለ መደብ ይዛወራል። ክረምታችን ብርቱ ስለ ሆነ አፈሩ ጠጠር ቢጨመርበትና ዙሪያው ቦይ ቢወጣለት ሥሩ ከመበስበስ ይድናል። የደጋችን አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነውና፥ ገበሬው ለማሳው ኖራ እንደሚጨምር ሁሉ፥ ጥቂት የምድጃ ዐመድ ቢነሰነስለት ይስማማዋል። ውኃ የሚሰጠው አፈሩ በጣት ሲነካ ደርቆ ሲገኝ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ለምለሙ ጫፍ ይከረከማል፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ ግንድ ግን አይቈረጥ፥ ዳግመኛ አያቈጠቍጥምና።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ መትከል ልማድ ሆኗል፤ ይህ መልካም ነው። ችግኝ ሲደርቅ ግን ብዙ ሰው «ትጋት ጐደለ» ይላል። በበኩሌ በዚህ አልስማማም። እኔ ትጋት አልጐደለኝም፤ የጐደለኝ ዕውቀት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለምን? ስለዚህ ለተማሪ ችግኝ ሲሰጠው የችግኙም ጠባይ አብሮ ይነገረው፤ በየሳምንቱም አፈሩን በጣቱ የሚመረምር ተረኛ ይመደብ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን አይቈጡኝ እንጂ፥ ልጅም እንደዚሁ ይመስለኛል፤ አንዱ በምክር ይለመልማል፥ ሌላው በምክር ብዛት ሥሩ ይበሰብሳል። ሁለቱን የሚለይ ጠባያቸውን ያወቀ ሰው ነው።

ደግነቱ እናቴ ቀንበጥ የለመናትን ሁሉ ባዶ እጁን አትመልስም ነበር። ቍጥቋጦው በተነቀለ በሳምንቱ አንዲት ጎረቤታችን ሦስት ቀንበጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መጡና «ይኸው ልጄ፥ የእናትህ ነው፤ እኔ ዘንድ ዐደራ ተቀምጦ ነበር» አሉኝ። ከሦስቱ ሁለቱ ጸደቁ። አንዱ በቤታችን ደጃፍ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ ፈተናችንን ጨርሰን ከመሰናበታችን በፊት በትምህርት ቤታችን ግቢ ልተክለው አስቤአለሁ። ከበታች ክፍል ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዐደራ! ባልዲውን ከማንሣታችሁ በፊት አፈሩን በጣታችሁ ንኩ።