የእንጦጦ ተራራ ሊለብሰው ስለሚገባው ደን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእንጦጦ ግርጌ ከተቆረቆረች በኋላ ተራራውን ያለበሰው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ለቤትና ለማገዶ እየተመነጠረ ስላለቀ፣ ነገሥታቱ ሌላ መዲና እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በመድረሱ ከተማይቱን ከዚህ ስደት አድኗታልና ውለታው ሊዘነጋ አይገባም።

ነገር ግን ባሕር ዛፍ የተተከለበት አየር ዛሬ ያው አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሏል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ከቅጠልና ከአፈር የሚተንነው እርጥበት ስለሚበዛ፣ ዝናቡ ባይጓደል እንኳ ለዕፀዋት የሚተርፈው ያንሳል። ትልቁ ጥድ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ በጋውን ይታገሣል፤ በክረምት የበቀለው ችግኝ ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ፀሐይ በስስ ሥሩ ተጋፍጦ፣ በልጉም የዘገየ እንደሆነ ይደርቃል። እንዲህ ሲሆን ደን መጥረቢያ ሳይነካው፣ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ተተኪ በማጣት ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

ከየካ ሚካኤል ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚያወጣውን ዳገት የሚወጣ ሰው ልብ ብሎ ቢመለከት፣ በባሕር ዛፉ ሥር ከደረቀ ቅጠልና ከተላጠ ቅርፊት በቀር ብዙ ለምለም ነገር አያይም፤ የክረምቱም ጎርፍ ራቁቱን አፈር እየጠረገ ወደ ከተማው ይወርዳል። በአድባራት ቅጽር ግን ካህናቱና ምእመናኑ በጠበቁት ጥላ ሥር አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ የወይራ ችግኝም በቁጥቋጦ ተከልሎ ሲበቅል ይታያል። አባቶቻችን በቅድስና ያኖሩት ይህ ቅሪት ለመጪው ሙቀት የሚበጀን የዘር ጎተራ ነው።

ስለዚህ ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ይመንጠር አልልም፤ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉና። ከምንጮች ራስና ከገደላገደሉ ይጀመር፤ ባሕር ዛፉ በየተራ ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ይጠበቅ፤ በስፍራውም ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ከተራራው በተለቀመ ዘር፣ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ይተከል፤ እነዚያ እናቶችም በችግኝ ጥበቃው ደመወዝተኛ ይሁኑ። በየክረምቱ የተተከለው ብዛት ሲነገረን ቆይቷል፤ ከእንግዲህ ሁለት በጋ ያለፈውን ችግኝ እየቆጠሩ ለሕዝብ ማስታወቅ የከተማው አስተዳደር ግዴታ ይሁን።