የቀን ጎዶሎ አይደለም

አንድ የቀን ሠራተኛ ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ ሲሞት የምንለው የታወቀ ነው። «የቀን ጎዶሎ!» እንላለን። ከንፈር እንመጥጣለን፤ ባልደረቦቹ ከዕለት ገቢያቸው ያዋጣሉ፤ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሸኛል። በማግስቱ ሌላ ልጅ ባልዲውን ይዞ በዚያው ርብራብ ላይ ይወጣል። ለመሆኑ ቀኑ ምን አደረገ? ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ሙሉ ነበር። ጎዶሎው ርብራቡ ነው።

በኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚያልፍ ሰው ይህን ለማየት አንገቱን ቀና ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። በዚያው በኮልፌ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያወጣለት የባሕር ዛፍ አጠና ገበያ ነው። አጠናውን አልከስም። በወጉ ተመርጦ፣ በወጉ ተወጥሮና ታስሮ ከቆመ ሰው ይሸከማል። ጥያቄው «በወጉ መቆሙን የሚያየው ማነው?» የሚለው ነው። ለሕንፃው ምሰሶ መሐንዲስ ያሰላል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ሠራተኛው ለሚቆምበት ርብራብ ግን ስሌቱ የአናጢው ዓይን፣ ማሰሪያው ከአሮጌ ጣውላ የተነቀለ ምስማር ነው። ነገ ለሚገባው ተከራይ የተደረገው ጥንቃቄ ዛሬ ለሚገነባለት ሰው ተነፈገ ማለት ነው።

ርብራብ ሲደረመስ ምን እንደሚያደርስ አገር በሙሉ አይቷል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ በዓል ሊያከብር በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ያን ሰሞን ያላዘነ አልነበረም። ኀዘኑ ካለፈ በኋላ ግን በየሰፈራችን ስንት ርብራብ ተፈተሸ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። እኛማ ጮኸንም አልቀጠልንበት!

«ሕግ የለንም እኮ» የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲሰጥ፣ የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው ይላል። ኢንሹራንስ ከሌለ፣ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተው ሰው ካሣው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። እሰየው! ግን የዓመት ደመወዝ የሚሰላው ለማን ነው? በመዝገብ ላይ ስሙ ለሌለ፣ ማታ ማታ በእጁ ለሚከፈለው፣ ፎርማኑ «አንተ ልጅ» እያለ ለሚጠራው? ሕጉ የጻፈለትን ሰው እኛ ገና አልመዘገብነውም።

እዚህ ላይ የኮንትራክተሮቹ መልስ ዝግጁ ነው። «ሄልሜት ብንሰጣቸው አያደርጉም፤ ይሞቀናል ይላሉ» ይሉናል። እውነት ነው፣ የማያደርግ አለ። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሆን ብሎ የጣሰን ሠራተኛ ሕጉም አይደግፈውም። ነገር ግን መመሪያውን ማን ሰጠው? መቼ? በምን ቋንቋ? ደግሞስ ሄልሜት የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ተራ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አደጋውን አስወግድ፤ ካልተቻለ ከልለው፤ ከዚያ አሠራርህን አስተካክል፤ በመጨረሻ ሰውየውን አልብሰው። መከለያ ከሌለው አራተኛ ፎቅ ለሚወድቅ ሰው ሄልሜት ምን ይፈይዳል? ለመሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ሳይደገፍ ለሚሠራውስ? አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታልና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ክረምት ሲገባ መረሬ አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲናድ በጎማ ኮፍያ የሚመለስ አይደለም።

እውነቱን እንነጋገርና፣ የጉዳዩ ሥር ገንዘብ ነው። ጨረታ የሚያሸንፈው ትንሹን ዋጋ የጻፈ ነው። ለመከለያ፣ ለመረብና ለጉድጓድ ድጋፍ ዋጋ ያስገባ ኮንትራክተር ይሸነፋል፤ የተወው ያሸንፋል። ቤቱን በራሱ የሚያሠራውም የእጅ ዋጋ ሲከራከር የመጀመሪያ ቅናሽ የሚያገኘው ከዚያው ከርብራቡ ላይ ነው። የተቀነሰው ብር ግን የትም አልጠፋም። ሠራተኛው በወገቡ፣ በእግሩ፣ አንዳንዴም በነፍሱ ይከፍለዋል።

ስለዚህ ደኅንነት በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ እንደ ሲሚንቶና እንደ ፌሮ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ተጫራቾችም አይወዳደሩበት። ክፍያው የሚለቀቀው ሥራው በቦታው ሲታይ ብቻ ይሁን። የቀን ሠራተኛው ርብራብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስሙ ይመዝገብ። የግንባታ ተቆጣጣሪው ፌሮውን ሳያይ አርማታ አይሞላም ይባል የለ? እንግዲያው ርብራቡን ሳያይም ሰው አይውጣ። ካላማረው ሥራውን ያስቁም፤ ሲያስቆምም ስልክ ደውሎ የሚያስፈታው አለቃ አይኑር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ኢንስፔክተር አልነበሩም፤ ነገሩ ግን ገብቷቸው ነበር። እኛም ቢያንስ አንድ ነገር እናድርግ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ከፎቅ ወድቆ ሲሞት ቀኑን አንውቀስ። ርብራቡን ማን አሰረው፣ ማን አየው፣ በማን ትእዛዝ ሰው ወጣበት ብለን እንጠይቅ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ስም አላቸው።