ጌኗን እስከ ጥግ ማዞር

በዋግ ኽምራ አቀበትና ቁልቁለት በሚመላለሱ ሾፌሮች መካከል አንድ እምነት እንደ ቀኖና ጸንቶ ይኖራል፤ ይኸውም በመኪናቸው ድምፅ ማጉያ፣ በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው ጌን የምትባል ትንሽ ቁልፍ እስከ ጥግ ካልዞረች ለቤዙ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ቀረ የሚለው ነው። ይህ እምነት ንብረት የሚያቃጥል፣ ጆሮ የሚያደነቁር፣ ነፍስንም ለአደጋ አሳልፎ የሚሰጥ ስለ ሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ጌን የተሠራችው ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ለማስማማት ነው እንጂ የሌለ ኃይል ለመፍጠር አይደለም። ከአቅሙ በላይ ስትዞር የድምፁ ሞገድ ራሱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሰብዉፈሩ (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ) ጥምጥም ሽቦ ይግላል፣ ሙጫው ይሸታል፣ ባለቤቱም ጥፋቱን በስፒከሩ አሳብቦ ሌላ ይገዛል።

ነሐሴ 16 ለሚጀምረው ለልጃገረዶች የሻደይ በዓል ከላሊበላ በብልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ ስጓዝ፣ የተሳፈርሁበት መኪና አምፕሊፋየር ከተቀመጥሁበት ወንበር ሥር ነበረና ጎንበስ ብዬ ብመለከት፣ በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ አየሁ። ከፊቴ የተቀመጠች እናት የልጇን ጆሮ በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ረዳቱም ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ!» ብሎ ቢጮህ ሾፌሩ አልሰማውም። ጥሩምባስ ቢነፋለት ይሰማ ነበርን? ወደ ፊውዙ ስንመለስ፣ የ12 ቮልት ባትሪ ሰውን አይነዝርም ተብሎ ይናቃል፤ ነገር ግን የፖዘቲቩ ሽቦ ተልጦ ከመኪናው ቆርቆሮ ቢገናኝ በመቶ የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት አፍስሶ ሽቦውን እንደ ፍም ያቀላዋል። ፊውዝ ከባትሪው በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲታሰር የታዘዘው ስለዚህ ነው።

ለቤዙ መጮህ መከላከያ ሆኖ «አገሩ ከበሮ ይወዳል» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የያሬድ ዜማ አስቀድሞ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይባላል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከበሮውም በየማዕርጉ እየደመቀ ይሄዳል። የሻደይ ልጃገረዶችም ከበሮ የሚመቱት ግጥሙ እንዲሰማ አድርገው ነው። የጤና ሊቃውንት በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት የሚታገሥ ጆሮ በ100 ዴሲቤል ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይታገሥ ይናገራሉ፤ የእኛ መንገድ ግን የሰዓታት ነው።

ትክክለኛው አሠራር አድካሚ አይደለም። ሰብዉፈሩ ይነቀል፤ ቤዝ መጨመሪያው ይዘጋ፤ ቴፑ እስከ ሦስት አራተኛው ተከፍቶ የ50 ኸርዝ ድምፅ ይልቀቅ፤ ቴስተሩም በኤሲ ቮልት ላይ ሆኖ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ይያዝ። በ4 ኦም ላይ 400 ዋት ለሚሰጥ አምፕሊፋየር ጌኗ ቀስ በቀስ ዞራ 40 ቮልት ላይ ስትደርስ ትቁም፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይንካት። የወፍራሙ ድምፅ መለያም በ80 ኸርዝ አካባቢ ይሁን።

ተሳፋሪ ሆይ፣ ድምፁ ሲበዛብህ «ቀንስልን» ማለት መብትህ ነውና አትፈር። በፊውዝ ፈንታ ወረቀት የጠቀለለ መኪና ግን፣ ፊውዙ እስኪተካ ድረስ፣ አንድ ሰው እንኳ ሊጭን አይገባውም።